ከውርጌሳ በላይ ያለው ገደል ለምን ደረጃ ደረጃ ሆነ?

ከደሴ ተነስታችሁ በዋናው መንገድ ወደ ወልዲያ ስትጓዙ፣ ሐይቅንና ውጫሌን አልፋችሁ ውርጌሳ ስትደርሱ በግራ በኩል ባለው መስኮት ቀና ብላችሁ እዩ። ቀጥ ያለ ጥቁር ገደል፣ ከሥሩ ጋደል ያለ አረንጓዴ መሬት፣ እንደገና ገደል፣ እንደገና ጋደል ያለ መሬት፤ እንዲህ እያለ እስከ ጫፉ ይወጣል። ጫፉ ላይ ደግሞ ሣር እንኳ በቅጡ የማይዝ አለት አለ። በቀኝ በኩል ግን ሌላ ዓለም ነው፤ መሬቱ ወደ ቆላው እየወረደ፣ እየሰፋ ሄዶ ወደ አፋር ይከፈታል። አንድ አስፋልት ግራና ቀኙ ይህን ያህል የሚለያይበት ቦታ በአገራችን ብዙ የለም።

ይሄ ለምን ሆነ የሚለው ለጂኦግራፊ ፈተና ብቻ የሚጠቅም ጥያቄ አይደለም። ከገደሉ ሥር ሰው ይኖራል። የሚጠጣው ምንጭ፣ የሚያርሰው አፈር፣ ቤቱን የሚሠራበት ድንጋይ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ እንቅልፍ የሚነሳው ናዳም የሚመጡት ከአንድ ቦታ ነው። ስለዚህ ከድንጋዩ እንጀምር፤ ናዳው ጋ መድረሳችን አይቀርም።

እንጀራ በእንጀራ ላይ

እሳተ ገሞራ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው እንደ ኤርታሌ አፉን ከፍቶ የሚጤስ ተራራ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እዚህ የሆነው ግን ከዚያ ይለያል። መሬቱ በረጃጅም ስንጥቆች ተከፈተና ቀጭን፣ በቀላሉ የሚፈስ ቅልጥ አለት ወጣ። ሊጥ ምጣድ ላይ ሲዘረጋ አስቡት። አንዱ ፈስሶ ይረጋል፣ ይበርዳል፤ ቆይቶ ሌላው ከላዩ ይዘረጋል። አንዱ ንብርብር ከጥቂት ሜትሮች እስከ ብዙ አሥር ሜትሮች ውፍረት አለው። ተደራርቦ ተደራርቦ በአንዳንድ ቦታ ወደ 2000 ሜትር ውፍረት ደረሰ። ዛሬም ቢሆን፣ ይህን ሁሉ ዘመን ወንዝ ሲበላው ኖሮ፣ የተረፈው ብቻ ወደ 600,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይሸፍናል ተብሎ ይገመታል። የሚገርመው ፍጥነቱ ነው፤ አብዛኛው ክፍል የፈሰሰው በአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ ነው። ለእኛ ረጅም ቢመስልም በመሬት ዕድሜ ሲለካ ግን ቅጽበት ነው።

በሁለት ፍሰቶች መካከል የእረፍት ጊዜ ነበር። በዚያ እረፍት የታችኛው አለት አናት በዝናብ እየበሰበሰ አፈር ሆነ፣ ምናልባትም ዕፀዋት በቀሉበት። ቀጥሎ ከ1100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚግል ላቫ ከላዩ ሲፈስበት አፈሩ እንደ ጡብ ተጠበሰ። በመንገድ ቆረጣ ላይ በጥቁር ድንጋይ መካከል የሚታየው ቀይ መስመር ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ቀጭን ስለሆነ ትኩረት አይስብም። ግን ይህን ቀይ መስመር በአእምሯችሁ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ላይ ብዙ ጣጣ የሚያመጣው እሱ ነው።

ወደ መጨረሻው አካባቢ የሚፈሰው ላቫ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ፍንዳታ መጣ፤ የጋለ አመድ በሰፊው ወርዶ ተጠቅጥቆ ፈዘዝ ያለ ቀለም ያለው አለት ሆነ። ከውርጌሳ በስተምዕራብ ደላንታ ወገል ጤና እ.ኤ.አ. በ2008 የተገኘው ዝነኛው ኦፓል የተቀመጠው በዚህ ዓይነት አለት ውስጥ ነው። ኦፓል ያለበት ንብርብር ከአንድ ሜትር ያነሰ ውፍረት ያለው ሲሆን የሚገኘውም ከደጋው ሜዳ ወደ 350 ሜትር ዝቅ ብሎ በገደሉ ፊት ላይ ነው። ቆፋሪዎች ገደሉ ላይ ተንጠልጥለው የሚያሳድዱት ያንን ቀጭን ንብርብር ነው።

ቀድሞ የተቆረጠ ድንጋይ

አሁን ወደ ገደሉ ቅርጽ። ላቫ ሲበርድ ይኮማተራል። ውሃው የደረቀበት ኩሬ ጭቃው እንዴት እንደሚሰነጣጠቅ አይታችኋል፤ እዚህም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፣ ጭቃውን ያኮማተረው ድርቀት ሲሆን ላቫውን ያኮማተረው ቅዝቃዜ መሆኑ ነው ልዩነቱ። ስንጥቁ የሚጀምረው ከሚበርደው ፊት ነው፣ ማለትም ከላይና ከታች፤ ከዚያም ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ስለዚህ የንብርብሩ መሐል ቀጥ ብለው የቆሙ ባለ አምስትና ባለ ስድስት ጎን ምሰሶዎች ይሆናል። ሰው የጠረበው የሚመስል ድንጋይ ገደል ላይ ካያችሁ ጠራቢው ቅዝቃዜ ነው።

የንብርብሩ አናት ግን ሌላ ጠባይ አለው። ጋዝ ወደ ላይ ሲወጣ ጥቃቅን ቀዳዳ እየተወ ስለሄደ እንደ እንጀራ ዓይናማ ነው። አንዳንዱ ዓይን በኋላ ዘመን በነጭ ማዕድን ተሞልቷል። ይህ ክፍል ለዝናብና ለፀሐይ እጁን ቶሎ ይሰጣል፣ ይፈረፈራል፣ አፈር ይሆናል። ከላዩ ያለው ቀይ ጥብስ አፈር ሲጨመርበት ደግሞ የባሰ ደካማ ነው።

ደረጃው ከዚህ መጣ። ጠንካራው የንብርብር መሐል ገደል ሆኖ ይቆማል፤ ደካማው አናትና ቀዩ አፈር ጋደል ያለ መሬት ሆኖ ይተኛል። ምሰሶው ከሥሩ ያለው ደካማ አፈር ሲሸረሸርበት ቀድሞ በተዘጋጀለት ስንጥቅ ተገንጥሎ ይወድቃል፤ እሱ ሲወድቅ ከኋላው ያለው ምሰሶ ደግሞ ቀጥ ብሎ ይገለጣል። ገደሉ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል እንጂ አይለዝብም። በአገራችን ቋንቋ አምባ የምንለው መልክዓ ምድር፣ አናቱ ጠፍጣፋ ጎኑ ገደል፣ የዚህ ሂደት ውጤት ነው። የትግራይ ገርዓልታ ገደሎችም ከሩቅ ይመሳሰላሉ፤ ድንጋያቸው ግን አሸዋማ ድንጋይ ነው፣ ታሪካቸውም ሌላ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። በዓለም የጂኦሎጂ መጻሕፍት ይህ ዓይነቱ የላቫ ንብርብር «ትራፕ» ይባላል፤ ቃሉ በስዊድንኛ ደረጃ ከሚለው ቃል የመጣ ነው። የሕንዱ ደካንም በዚሁ ስም ይጠራል። የኢትዮጵያን ትራፕ በሥርዓት የገለጸው ዊልያም ብላንፎርድ የሚባል ጂኦሎጂስት ነው፤ የመጣው በ1860 ዓ.ም. ከናፒየር ጦር ጋር ወደ መቅደላ ሲዘመት ነው። ሌላው ሰው መድፍ ሲጎትት እሱ ድንጋይ ይመዘግብ ነበር። ንብርብሮቹን ለሁለት ከፍሎ የታችኛውን «አሸንጌ»፣ የላይኛውን «መቅደላ» ብሎ ሰየማቸው። ከቆቦ በስተሰሜን ያለው ሐይቅና የቴዎድሮስ አምባ እንዲህ ሆነው የአለት ስም ሆኑ። ከኋላ የመጡ ጥናቶች አከፋፈሉን ብዙ ቢያሻሽሉትም ስሞቹ በመጻሕፍት ቀርተዋል።

ተራራው ወጣ ወይስ ሜዳው ወረደ?

እስካሁን ያልነው ደረጃውን ያስረዳል፣ ግራና ቀኙን ግን አያስረዳም። ላቫው ሲዘረጋ ወደ ምሥራቅም ወደ ምዕራብም ነበር። ታዲያ ደላንታ ላይ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ሜዳ ሆኖ ሲቀር፣ መርሳ ላይ 1600 ሜትር ገደማ፣ አፋር ላይ ደግሞ ከ1000 ሜትር በታች የወረደው ለምንድን ነው?

መልሱ አካባቢው የአፋር ስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ጠርዝ መሆኑ ነው። አረቢያ ከአፍሪካ እየተላቀቀች ስትሄድ በመካከል ያለው ቅርፊት ተለጠጠ፣ ሳሳ፣ ከዚያም ከሰሜን ወደ ደቡብ በሚሄዱ ብዙ ስብራቶች ተቆራረጠ። እያንዳንዱ ቁራጭ ዝቅ ዝቅ እያለ ወረደ፤ ብዙዎቹም ሲወርዱ ዘመም አሉ። ደጋው በአጠቃላይ ከፍ ማለቱ እውነት ነው። ከውርጌሳ ሆናችሁ የምታዩትን የከፍታ ልዩነት በዋናነት የፈጠረው ግን የቀኙ መውረድ ነው። በእኔ አስተያየት «ተራራ» የሚለው ቃል እዚህ ትንሽ ያሳስታል። ገደሉ የወጣ ነገር ሳይሆን ያልወረደ ነገር ጫፍ ነው።

ከዳሩ ጋር ትይዩ ሆነው የወረዱ ጠባብ ጎድጓዶችም አሉ። ኮምቦልቻ ያለችበት የቦርከና ሸለቆ፣ የሐይቅ አካባቢ፣ የቆቦ ሜዳ የዚህ ቤተሰብ ናቸው። ከገደሉ የሚወርደው ደለል የሚከማቸው በእነዚህና በእግራቸው ሥር ባሉ ሜዳዎች ነው፤ የመርሳና የጊራና ለም መሬት ከላይ የተፈጨ ተራራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስብራቶቹም ሥራቸውን አልጨረሱም። በግንቦት 1953 ዓ.ም. በዚሁ ጠርዝ ወደ ደቡብ፣ ካራቆሬ አካባቢ የተነሳው ከ6 በላይ መጠን ያለው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል፣ ካራቆሬን ክፉኛ ጎድቷል። ውርጌሳ ያለችው በዚያው የስብራት ቀጠና ላይ ነው።

የደጋው ጫፍ ሌላም ሥራ አለው፤ ውሃ ያካፍላል። በምዕራብ በኩል የወደቀ ዝናብ በበሽሎ አድርጎ ዓባይ ይገባል፣ ግብፅን አይቶ ሜዲትራንያን ይደርሳል። በምሥራቅ በኩል የወደቀው ግን ወደ ሚሌና አዋሽ ይወርዳል፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር አያይም፣ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። በጥቂት ርምጃ የሚለያዩ ሁለት ጠብታዎች ዕጣቸው ይህን ያህል ይራራቃል።

ወደ ኋላ የሚበሉት ወንዞች ተራራውን እንዴት እንደሚቀርጹት ለማየት ግሸንን የሚያህል ምሳሌ አይገኝም። ግሸን ማርያም ያለችበት አምባ፣ በአምባሰል ወረዳ፣ አናቱ የመስቀል ቅርጽ አለው። ምእመናን ከግማደ መስቀሉ ጋር ያያይዙታል፤ ያ የእምነት ጉዳይ ነው፣ እኔ የምናገረው ስለ ድንጋዩ ብቻ ነው። ጠፍጣፋ ንብርብር ከአራት ማዕዘን ሲሸረሸር በማዕዘኖቹ መካከል የሚተርፈው ክንዶች ናቸው። በመካከለኛው ዘመን የነገሥታት ወንዶች ልጆችና ወንድሞች እዚያ የሚጠበቁት የድንጋዩ ጠባይ በር ስለሚያሳንስ ነበር። ጥቂት በር ከጠበቅህ ሌላውን ገደሉ ይጠብቅልሃል።

ውሃው የት ይገባል?

አሁን ወደ ቀዩ መስመር እንመለስ። ክረምት ላይ በደጋው የሚዘንበው ዝናብ በምሰሶዎቹ ስንጥቅ ወደ ታች ይሰርጋል። ቀዩ አፈር ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ ሸክላነት ስላለው ውሃ ቶሎ አያሳልፍም። ስለዚህ ወደ ጎን ይሄድና ገደሉ ሥር ምንጭ ሆኖ ይወጣል። በገደል ሥር ምንጮች በአንድ መስመር፣ በአንድ ከፍታ ተሰልፈው የምታዩት ለዚህ ነው። መንደሮችም ያንን መስመር ተከትለው መመሥረታቸው አያስገርምም፤ ውሃ ያለበት ሰው አለ።

ችግሩ ያው መስመር የናዳም መስመር መሆኑ ነው።

ከገደሉ ለዘመናት የወደቀው ቋጥኝ፣ ጠጠርና አፈር ከሥሩ ተከምሯል። ለእርሻ ይመቻል፣ ለቤት ይመቻል፣ ከድንጋዩ ጋር ግን አልተጣበቀም፤ ዝም ብሎ ተደግፎ ነው ያለው። ይህን ክምር የሚያቆየው በክብደቱ የሚፈጠረው ሰበቃ ነው። የሚገፋው ደግሞ ያው ክብደቱ ነው፣ ወደ ቁልቁለቱ ያለው ድርሻ። የምህንድስና ሰዎች የሚይዘውን ለሚገፋው አካፍለን «የደህንነት ምጣኔ» እንላለን። ከ1 በላይ ከሆነ ይቆማል፤ 1 ላይ ሲደርስ ይንቀሳቀሳል።

ቁጥር እንሥራ፤ አትፍሩ፣ ቀላል ነው። 5 ሜትር ውፍረት ያለው ክምር 25 ዲግሪ በሚያዘቀዝቅ አለት ላይ ተኝቷል እንበል። የአፈሩ የሰበቃ ማዕዘን 30 ዲግሪ ይሁን። ደረቅ ሲሆን ምጣኔው የ30 ዲግሪ ታንጀንት ለ25 ዲግሪ ታንጀንት ሲካፈል ነው፤ ይህም 1.24 ነው። በጋውን በሙሉ ይቆማል ማለት ነው፤ አያቶቻችሁ እዚያ ኖረው ይሆናል። አሁን ዝናብ ይግባ። ውሃ አፈሩን «ያቀልጠዋል» የሚባለው አባባል ነገሩን በትክክል አይገልጸውም። ውሃ በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ገብቶ የክብደቱን ከፊል ራሱ ይሸከማል። ቅንጣቶቹ ያን ያህል መጫጫናቸውን ይተዋሉ፣ ሰበቃውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ቁልቁል የሚገፋው ክብደት ግን እንዳለ ነው፣ እንዲያውም በውሃው ክብደት ትንሽ ይጨምራል። በዚህ ስሌት ውሃው ከሥር ተነስቶ ከ5 ሜትሩ 1.80 ሜትር ገደማ ሲደርስ ምጣኔው 1 ላይ ይወርዳል። እስከ ላይኛው ፊት ከሞላ ደግሞ 0.6 ይሆናል፤ ከደረቁ ግማሽ ያህል ማለት ነው። ይህ የወረቀት ምሳሌ ነው፤ እውነተኛ መሬት ውስጥ አፈሩን የሚያያይዝ ሌላ ጉልበትም አለ፣ ከዚህ የከፋ ደካማ ሸክላም አለ። አካሄዱ ግን ይሄው ነው። መሬት በመጀመሪያው ዝናብ ሳይሆን ብዙ ጊዜ በክረምቱ አጋማሽና መጨረሻ የሚንሸራተተውም ውሃው ከሥር እስኪሞላ ጊዜ ስለሚወስድ ነው።

እንዲህ ዓይነት ነገር በተግባር ምን እንደሚመስል አይተናል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዚሁ ጠርዝ ላይ ደብረ ሲና አቅራቢያ ይዛባ ወይን በሚባል ቦታ ሰፊ መሬት ተንሸራቶ ቤትና ማሳ ይዞ ሄዷል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰው ደግሞ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ ብዙዎቹ የሞቱት መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት ሲቆፍሩ ከላይ በወረደው ሁለተኛ ናዳ ነው። የመርሳና የውርጌሳ አካባቢም ሳይጠና አልቀረም፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በተሠራ የድህረ ምረቃ ጥናት የመሬት መንሸራተት ስጋቱ ተገምግሞ በቀጠና ተከፋፍሏል።

ሰው ምን ይጨምራል?

መንገድ ስንሠራ የክምሩን እግር እንቆርጣለን። እግሩ ለላይኛው ድጋፍ ነበር። በምትኩ የምናቆመው ግንብ ውሃ ማስወጫ ቀዳዳ ከሌለው ከኋላው ውሃ አጠራቅሞ ራሱን ይገፋል፤ ጋቢዮን በብዙ ቦታ የሚመረጠው ድንጋዩ መካከል ውሃ ስለሚያሳልፍ፣ ትንሽ ቢንቀሳቀስም ስለማይሰበር ነው።

ቀጥሎ የምለው ሁሉንም አያስደስትም። በወሎ ተዳፋት ላይ የተሠራው የእርከንና የውሃ ማስረጊያ ጉድጓድ ሥራ አፈር ከመታጠብ አድኗል፣ ምንጮችንም አጎልብቷል፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን የእርከን ዓላማ ውሃን መሬት ውስጥ ማስገባት ነው። ቀድሞ የመንሸራተት ምልክት ባሳየ ክምር አናት ላይ ውሃ ማስረግ ደግሞ ከላይ ያየነውን 1.80 ሜትር በገዛ እጅ መሙላት ነው። እንዲህ ባለ ቦታ የሚያስፈልገው ውሃውን ሳይሰርግ በፊት ሰብስቦ ወደ ጎን፣ ወደ ጠንካራ አለት የሚያወጣ ቦይ ነው። በአንድ ተራራ ላይ ሁለቱም ሥራ ሊያስፈልግ ይችላል፤ የቱ የት እንደሚሆን ሳይታይ አንድ ዓይነት ሥራ ከላይ እስከ ታች መዘርጋት ግን ትክክል አይመስለኝም።

ባሕር ዛፍ እንትከል የሚልም አለ። ሥር የላይኛውን አንድ ሁለት ሜትር አፈር ይይዛል፣ ይጠቅማል። መንሸራተቻው 5 ወይም 10 ሜትር ጥልቀት ላይ ከሆነ ግን ዛፉ እንደቆመ አብሮ ይሄዳል።

ከገደል ሥር የምትኖሩ ከሆነ፣ ወይም ዘመድ ካላችሁ፣ መሬቱ ከመሄዱ በፊት ብዙ ጊዜ ይናገራል። ከቤት በላይ ባለው ማሳ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ስንጥቅ ይታያል። ቀጥ ብለው የነበሩ ዛፎችና የአጥር እንጨቶች ይዘማሉ። በር አልዘጋ ይላል። ጥርት ያለው ምንጭ ድንገት ይደፈርሳል፣ ወይም ይደርቅና ሌላ ቦታ አዲስ ይፈልቃል። ይህን እያያችሁ ከባድ ዝናብ ከመጣ ቤት ውስጥ አትደሩ፤ ስትወጡም በሸለቆው ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን፣ ከክምሩ ውጪ ወዳለ አለት ነው።

ስንጥቁ አዲስ ይሁን የቆየ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ሁለት ካስማ ውሰዱ፤ አንዱን ከስንጥቁ በላይ፣ አንዱን ከስንጥቁ በታች በደንብ ምቱ። በየካስማው አናት ላይ ሚስማር አድርጉ። በሁለቱ ሚስማሮች መካከል ያለውን ርቀት በሜትር ለክታችሁ ከቀኑ ጋር ደብተር ላይ ጻፉ። በበጋ በወር አንዴ፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም በየሳምንቱ፣ ከባድ ዝናብ ባደረ ማግስት ደግሞ ጠዋት ጠዋት ለኩ። ርቀቱ እየጨመረ ከሄደ፣ በተለይ ጭማሪው ካለፈው ሳምንት ጭማሪ ከበለጠ፣ ደብተሩን ይዛችሁ ቀበሌ ሂዱ። «ስንጥቅ አለ» ከሚል ወሬ ይልቅ ቀንና ቁጥር ያለበት ወረቀት መሐንዲስ ለማስጠራት ይበልጥ ይረዳል።